«አገርህ ግባ» ከማለታችን በፊት፦ ለለንደን ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ለለንደን ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎችን ጉዳይ ለሚከታተለው ክፍል
ለየአካባቢው ምክር ቤት የቤት ጉዳይ ቢሮዎች

ግልባጭ፦ በመጠለያ፣ በሆስቴልና በጎዳና አገልግሎት ለምትሠሩ ሐበሾች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ጎዳና ላይ የሚያድሩ የፖላንድ ስደተኞችን ይመለከታል

ክቡራን፣

ይህንን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አድርሼላችኋለሁ። በአማርኛም የማወጣበት ምክንያት አለኝ። በዚህ ከተማ በሌሊት መጠለያና በሆስቴል እንግዳ መቀበያ የሚሠሩ ብዙ የአገሬ ልጆች አውቃለሁ። እናንተ ቀን የምታወጡትን መመሪያ ሌሊት የሚፈጽሙት እነሱ ናቸው። ቅጹንም የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ለሁላችሁም አንድ ላይ ይድረስ ብዬ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ። መጠለያችን የሚሠራው ብርዱ ሲጠና ብቻ ነው። ሰባት አብያተ ክርስቲያናት የሳምንቱን ሰባት ሌሊት ተካፍለውታል። ሰኞ አንዱ ጋ ያደረ ሰው ማክሰኞ ሻንጣውን አንጠልጥሎ እኛ ጋ ይመጣል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁርሱን በልቶ ይወጣል። ቀኑን የት እንደሚያሳልፈው እሱ ያውቃል።

ባለፈው የብርድ ወቅት ከሚመጡት አንዱ የፖላንድ ሰው ነበር። ሃምሳዎቹን አጋምሷል። ስሙን አልጠራም። ማታ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ጫማውን ማውለቅ ነው። ጣቱ ጋ ብረት ያለው የግንባታ ጫማ ነው። በፌስታል ይጠቀልለውና ትራሱ ሥር ይከተዋል። «ስልክ ቢሰረቅ ሌላ ስልክ አለ። ጫማዬ ከተሰረቀ ግን ጠዋት ሳይት አያስገቡኝም» አለኝ።

ሙያው ልስን ነው። አንድ ማታ ሻይ እየጠጣን የአዳራሹን ግድግዳ በመዳፉ ዳበሰው። ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጎን። «ይሄን የሠራው ሰው ቸኩሏል» አለ። እኔ ስንት ጊዜ እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጫለሁ፤ ምንም አይቼበት አላውቅም። እሱ ካሳየኝ በኋላ ግን እብጠቱ ሁልጊዜ ይታየኛል።

ጎዳና የወጣበት ታሪክ አጭር ነው። የሚኖረው ፎርማኑ ባከራየው ክፍል ነበር። አራት ሰው በአንድ ክፍል። ኪራዩ ከደመወዙ ላይ ይቆረጣል። ሥራው አለቀ ሲባል ክፍሉም አብሮ አለቀ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሒሳቡ እስከ ዛሬ አልተከፈለውም። ፎርማኑም የአገሩ ሰው ነው።

እሑድ እሑድ እናቱ ትደውልለታለች። ከሰው ራቅ ብሎ፣ ጫጫታ የሌለበት ቦታ ፈልጎ ያነሳል። ደህና እንደሆነና ሥራ ላይ እንዳለ ይነግራታል። ለምን እውነቱን አትነግራትም አልኩት። «ባዶ እጄን ሆኜ ምን ብዬ?» አለኝ። የተናገረው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ግን በአማርኛ ነው የሰማሁት። ከቤሩት፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ እህቶች ያሉን ሰዎች ይህንን ቃል እናውቀዋለን። ሰፈር ሳይደርሱ አዲስ አበባ ላይ የቀሩትን እናውቃለን። «ሰው ምን ይለኛል» ሰውን ከረሃብ በላይ ሊያስር ይችላል።

አንድ ጠዋት የአንድ ድርጅት ሠራተኛ መጣ። ታብሌት ይዟል። የድርጅቱን ስም ማንሳት አልፈልግም፤ ልጁም ክፉ ሰው አልነበረም። ስሙን ጠየቀው። የትውልድ ቀኑን ጠየቀው። ዜግነቱን ጠየቀው። አራተኛው ጥያቄ «አገርህ መግባት ትፈልጋለህ? ትኬት እናወጣልሃለን» የሚል ነበር። ሰውየው አልፈልግም አለ። ልጁም አንድ ቦታ ነካ አድርጎ ጨረሰ። አጠገቡ ቆሜ ስለነበር ያየሁት ቃል «የቀረበለትን ድጋፍ አልተቀበለም» ይላል።

ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ስለ ሙያው አልተጠየቀም። ስላልተከፈለው ደመወዝ አልተጠየቀም። እዚህ አገር ስንት ዓመት እንደኖረም አልተጠየቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመዝገብ ላይ እርዳታ እምቢ ያለ ሰው ሆኖ ተቀመጠ። ይህንን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ሦስት ደቂቃ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ሚሃው ጋራፒህ የሚባል የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ተመራማሪ አለ። ለንደን በሚገኘው ሮሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሠራ፣ ራሱም ፖላንዳዊ ነው። ከ2004 በኋላ ለንደን የገቡ የአገሩን ሰዎች ለዓመታት አጥንቷል። ጎዳና ላይ የሚያድሩትንም ለይቶ ተከታትሏል። የዚህ ሙያ ዘዴ ቀላል ይመስላል። ሰዎቹ ባሉበት መቀመጥ፣ አብሮ መዋል፣ መልሱ እስኪመጣ መታገስ። ጊዜ ይበላል። ታብሌቱ የማይሰጠው ጊዜ ነው።

ጋራፒህና የሥራ ባልደረቦቹ መጀመሪያ አካባቢ በሠሩት ጥናት ሰዎቹን በእንስሳት ስም ከፋፍለዋቸዋል። ሽመላዎቹ ወቅት ጠብቀው መጥተው ሠርተው የሚመለሱት ናቸው። ሐምስተሮቹ ደግሞ፣ ያች ትንሽ እንስሳ እህል በጉንጯ እንደምታከማች፣ አንዴ መጥተው ገንዘብ አጠራቅመው ለመግባት ያሰቡት። ለመኖር ወስነው የመጡም አሉ። ትልቁ ክፍል ግን የትኛውም አይደለም። ፈላጊዎች ይሏቸዋል። እቆያለሁም እመለሳለሁም አይሉም፤ ሁለቱንም በር ክፍት ያደርጋሉ። (ሽመላ የፖላንድ ገበሬ ቤት ጣሪያ ላይ ጎጆዋን ሠርታ የብርዱን ወቅት ለማሳለፍ ወደ አፍሪካ የምትበር ወፍ ናት። የእኛም ሰማይ በመንገዷ ላይ ነው።)

ይህ ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። «አገርህ መግባት ትፈልጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ሰው አንድ ቤት አለው፣ እሱም እዚያ ነው ብሎ ስለሚነሳ ነው። ሁለቱንም በር ክፍት አድርጎ ሃያ ዓመት የኖረን ሰው አንዱን በር ዝጋ ማለት ነው። እኛ ሐበሾች ደግሞ ይህንን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። «የዛሬ ዓመት እገባለሁ» እያለ እዚህ የሸበተ ሰው በየቤታችን አለ።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ለንደን ያሉ ፖላንዳውያን ስለ ራሳቸው ሲናገሩ «የአገርህን ሰው ተጠንቀቅ» ይላሉ። ፖላንዳዊ ለፖላንዳዊ ተኩላ ነው የሚል አባባልም አላቸው። ይህንኑ የሚለው ሰው ግን ሥራ ያገኘው በፖላንዳዊ ነው። የሚተኛውም ፖላንዳዊ ባከራየው ክፍል ነው። ተመራማሪው ይህንን መተማመንና መጠራጠር አንድ ላይ ይዞ ነው የተነተነው። «ከሐበሻ ራቅ» የሚለውን ምክር ሒትሮው ሳይወርድ የሰማ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል። ያንን ምክር የሰጠን ሰው ራሱ አልነበረም መጀመሪያ ሶፋው ላይ ያሳደረን?

ስለዚህ «የፖላንድ ኮሚኒቲ አለላቸው፣ እሱ ይያዛቸው» የሚለው ሐሳብ አያስኬድም። ሐመርስሚዝ ኪንግ ስትሪት ላይ ትልቁ የፖላንድ ማኅበራዊና የባህል ማዕከል አለ። መሠረቱን የጣሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራቸው መግባት ያልቻሉ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። በ1947 በወጣው ሕግ እዚህ እንዲሰፍሩ የተፈቀደላቸው። ከ2004 በኋላ የመጣው ልጅ ደግሞ እዚያው ሐመርስሚዝ፣ የአንድ ሱቅ መስኮት ላይ የተለጠፉ የሥራና የክፍል ማስታወቂያዎችን ሲያነብ ይውል ነበር። ሰዎቹ ራሳቸው «የልቅሶው ግድግዳ» ይሉት ነበር። ቋንቋ አንድ ነው፣ ሃይማኖት አንድ ነው። መደብ ግን ለየብቻ ነው። የብሔር ስም ሲጠራ መደብ ይሸፈናል። ከጋራፒህ ሥራ እኔ የወሰድኩት ዋናው ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ መጠጡ ልምጣ። ዝም ብዬ ባልፈው ታማኝ አልሆንም። «ፖላንዶቹ ይጠጣሉ» ይባላል። እኛም ሐበሾቹ ሥራ ቦታ እንለዋለን። እኔም ብያለሁ። እውነትም የሚጠጡ አሉ፤ አንዳንዱን ገድሎታል። ጋራፒህ ግን ከጠርሙሱ ዙሪያ ያለውን ማኅበር አየ። ያለው ይገዛል፣ የሌለው ነገ ይገዛል። አብሮ የሚጠጣ አብሮ ያድራል። ሲተኛ ይጠብቀዋል፣ ሲታመም አምቡላንስ ይጠራለታል። ወንድ ልጅ ቤተሰቡን ማብላት ሲያቅተው የቀረችው ክብር እዚያ ውስጥ ናት። ቅጽና ቢሮ መጥላትም ከዚሁ ጋር አብሮ ይኖራል። እንግዲህ መጀመሪያ ሳትጠጣ ና፣ ከዚያ አልጋ እንሰጥሃለን ስንለው፣ ጓደኞችህን ትተህ ና ማለታችን ነው። እምቢ ሲል ደግሞ ዜግነቱን እንወቅሳለን።

የኔው ሰው አይጠጣም ነበር። ይህንን የጻፍኩት ለሚጠጡትም ነው። አልጋ ለመልካም ጠባይ ሽልማት መሆን የለበትም።

ዲሴምበር 24 ቀን 2024 ማክሰኞ ነበር የዋለው። የኛ ተራ ነው። እኛ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። እነሱም የገና ዋዜማን ሥጋ ሳይበሉ ነው የሚያሳልፉት፤ ይህንን አላውቅም ነበር። ምስር ሠርቼ ስለመጣሁ ደስ አለው። ጠረጴዛ ሲዘረጋ ስድስት ነበርን። እሱ ሰባት ሳህን ደረደረ። ተሳሳትክ አልኩት። አልተሳሳትኩም አለኝ። በአገሩ በዚያች ማታ አንድ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ በመንገድ ላይ ያለ ሰው በሩን ቢያንኳኳ እንዲቀመጥበት። ሹካውንም ማንኪያውንም አስተካክሎ አስቀመጠ። እራታችንን በላን። ሳህኑ ባዶውን ቆየ። ሲነሳም ያነሳው እሱ ነው።

ስለ ሕጉ ደግሞ ትንሽ ልበል፤ እናንተ ብታውቁትም አንባቢዎቼ ማወቅ አለባቸው።

በሜይ 1 ቀን 2004 ፖላንድን ጨምሮ አሥር አገሮች የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆኑ። ከነባሮቹ አባላት ለምሥራቆቹ ሠራተኞች በራቸውን ወዲያው የከፈቱት እንግሊዝ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ነበሩ። ጀርመንና ኦስትሪያ እስከ 2011 ዘግተው ቆዩ። እዚህ ቀድሞ የተገመተው በዓመት ከ5,000 እስከ 13,000 ሰው ነበር። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ግን በእንግሊዝና ዌልስ ብቻ 579 ሺህ ገደማ በፖላንድ የተወለደ ሰው ተገኘ። በ2021 ቁጥሩ ወደ 743 ሺህ ደረሰ።

በሩ ተከፈተ፤ ከበሩ በስተጀርባ ግን ሌላ በር ነበር። የመጣው ሠራተኛ እንዲመዘገብ ተደረገ። መመዝገቢያው መጀመሪያ 50 ፓውንድ ነበር፣ በኋላ 90 ገባ። አሥራ ሁለት ወር ሳያቋርጥ በተመዘገበ ሥራ ላይ ካልቆየ በቀር የቤት እርዳታ የለውም። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው የሳይት ሠራተኛ፣ ከአንዱ ፎርማን ወደ ሌላው የሚሄደው፣ አሥራ ሁለቱን ወር ከየት ያምጣ? ይህ ደንብ በ2011 ቀረ። በ2014 ደግሞ ሥራ ፈላጊ ሆኖ አዲስ ለሚያመለክት የአውሮፓ ዜጋ የቤት ኪራይ ድጎማ ተከለከለ። አሁን ከብሬግዚት፣ ማለትም እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ አምስት ዓመት መኖሩን በወረቀት ያላረጋገጠ ሰው ጊዜያዊውን የመኖሪያ ፈቃድ ነው የሚያገኘው። ያ ፈቃድ ብቻውን የቤት እርዳታ አያስገኝም። ጎዳና ላይ ያደረ ሰው የአምስት ዓመት ወረቀት በምን ኪሱ ይይዛል?

እንግዲህ በፎርማኑ ክፍልና በጎዳናው መካከል ምንም የለም። ሌላው የለንደን ነዋሪ ሥራ ሲያጣ የሚያርፍበት እርከን አለው፣ ቀጭን ቢሆንም። ለእነዚህ ሰዎች እርከኑ ተነስቷል። በቀጥታ ነው የሚወድቁት። ይህ የፖላንድ ባህል አይደለም። እዚሁ ዌስትሚንስተር፣ በመንግሥትና በፓርላማው የተጻፈ ነው።

ከዚህም የባሰ ጊዜ ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጎዳና ላይ ማደርን የመዘዋወር መብትን አላግባብ እንደ መጠቀም ቆጥሮ የአውሮፓ ዜጎችን ይይዝና ያባርር ነበር። ሁለት ፖላንዳውያንና አንድ የላትቪያ ሰው ፍርድ ቤት አቆሙት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2017 አሠራሩ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት ጎዳና ላይ የሚያድሩ የውጭ ዜጎች የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ካርታ በኢሚግሬሽን እጅ መግባቱን ጋዜጦች ጽፈዋል። መረጃው የተሰበሰበው ብርድ ልብስና ሻይ ይዘው ከሚወጡ ሰዎች ነበር። በዲሴምበር 2020 ደግሞ ጎዳና ማደር የመኖሪያ ፈቃድ የሚያስከለክል ምክንያት ተደርጎ በኢሚግሬሽን ደንብ ውስጥ ገባ።

ይህንን የሰማ ሰው ስሙን ለምን ይነግረናል? ሠራተኛው ሲመጣ ሰዎቹ ካርቶናቸውን ጠቅልለው ለምን እንደሚሸሹ ለሚጠይቁኝ ወጣቶች የምመልሰው ይህንን ነው።

መመለስ የሚፈልግ የለም አላልኩም። አለ። ከፖላንዷ ከተማ ከፖዝናን የመጣው ባርካ የተባለ ድርጅት በ2007 ለንደን ውስጥ ሰዎችን አገራቸው የመመለስ ሥራ ጀመረ። ጎዳና የሚወጣው ራሱ ጎዳና አድሮ የሚያውቅ የአገራቸው ሰው ነበር፤ በቋንቋቸው ያወራቸው ነበር። በዚህ መመለስ ላይም ትችት አለ፣ እኔም ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም። ቁጭ ብሎ በቋንቋው የሚያወራ ሰው መላክ ግን ከታብሌት ይሻላል።

ቦታ የለም እንዳትሉኝ። በማርች 2020 ወረርሽኙ ሲገባ መንግሥት ጎዳና ያለውን ሁሉ በቀናት ውስጥ አስገቡ ብሎ ለየምክር ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። ሆቴሎች ተከፈቱ። ፖላንዳዊም ገባ፣ ሮማንያዊም ገባ፣ ኤርትራዊም ገባ። ወረቀት ያለው የሌለው አልተባለም። አንድ የማውቀው ሰው ከስንት ዓመት በኋላ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ተኛ። ከዚያ ጊዜው አለፈና ደንቡ ተመለሰ። በ2024 እና 2025 መካከል ባለው የመዝገብ ዓመት ለንደን ውስጥ ጎዳና ሲያድሩ የታዩ ሰዎች 13,231 ናቸው። ይህ የራሳችሁ መዝገብ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው።

ቅጹን ለውጡ። አራተኛው ጥያቄ ትኬት አይሁን። ከዜግነቱ በፊት ሙያውን ጠይቁት፤ የመጨረሻ ሥራው የት እንደነበር፣ ደመወዙ ተከፍሎት እንደሆነ፣ ክፍሉን ማን እንዳከራየው። ያልተከፈለ ደመወዝ የሚያስመልስ የሕግ ሰው ለአንድ መጠለያ በሳምንት አንድ ቀን መመደብ ከአንድ የአውሮፕላን ትኬት ብዙም አይርቅም። አምስት ዓመቱን ማረጋገጥ የሚቻልበትን መንገድም ያ ሰው ይፈልግለት። የግብር መዝገቡ፣ የሐኪም ቤት ካርዱ፣ የድሮ አከራይ ቃል። ብዙው ጎዳና ላይ አልጠፋም፤ ፈልጎ የሚያሰባስብለት ሰው ነው የጠፋው።

«አልተቀበለም» የሚለውን ሳጥን አውጡት። ወይም ከጎኑ ምን እንደቀረበለት ይጻፍ። ትኬት እምቢ ያለ ሰው አልጋ እምቢ አላለም።

ሻይ ይዞ የሚወጣው ሰው ለኢሚግሬሽን መረጃ እንደማይሰጥ በጽሑፍ አስታውቁ። በፖላንድኛ፣ በሮማንያኛ፣ በትግርኛና በአማርኛም ይለጠፍ። እስካሁን በኛ አዳራሽ የተለጠፈው ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ግልባጩ ለደረሳችሁ ወገኖቼ ደግሞ፦ ቅጹ እስኪለወጥ አንጠብቅ። እጃችን ላይ ያለው ሦስት ደቂቃ ነው። ሙያህ ምንድን ነው ብሎ ለመጠየቅ ይበቃል።

ሰውየው ማርች መጨረሻ ላይ፣ መጠለያችን ለብርዱ ወቅት ሲዘጋ፣ ጫማውን በፌስታሉ ይዞ ሄደ። ስልኩ አሁን አይሠራም። መጠለያው በኖቬምበር ይከፈታል። ከዚያ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

በምሥራቅ ለንደን የማክሰኞ ማታ በጎ ፈቃደኛ